ኮፈኑ ላይ ያለው ቁጥር፦ ስለ ትንሽ ትራክተር የሚባለውና እውነታው

ከዲሲ ወደ ምዕራብ በመንገድ 66 ስትነዱ ማናሳስን አልፋችሁ ብዙ ሳትርቁ የቤቱ ጥግግት ይሳሳል፤ ኮረብታው፣ አጥሩና ሣሩ ይጀምራል። በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ልጆች ያሳደጉ የማውቃቸው ቤተሰቦች በዚያ በኩል ባለ 4፣ ባለ 6 ኤከር ግቢ ገዝተዋል። 5 ኤከር 2 ሄክታር ማለት ነው፤ በአገር ቤት ልኬት 8 ጥማድ ገደማ። አገር ቤት ቢሆን ቤተሰብ የሚያስተዳድር ማሳ ነው። እዚህ ግን አብዛኛው ሣር ነው። ሚያዝያ ላይ ዝናብና ሙቀት ሲገናኙለት በሳምንት ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ዝም ካሉት ጉልበት ያልፋል።

ያን ጊዜ ስልኬ ይጮኻል። «አንተ ቀድመህ ገብተህበታል፤ ትራክተር ልገዛ ነው። ባለ ስንት ፈረስ ይሻለኛል?»

አባቶቻችን የእርሻ በሬ ሊገዙ ገበያ ሲወጡ ጉልበቱን ብቻ አይተው አይከፍሉም ነበር። ጥርሱን ገልጠው ዕድሜውን ያያሉ፤ ሰኮናውን፣ ጫንቃውን፣ ጠባዩን ይመረምራሉ፤ ቤት ካለው በሬ ጋር መጠመድ መቻሉን ይጠይቃሉ። ትራክተር ላይ ስንደርስ ግን በአንድ ቁጥር እንገዛለን። ከፊት በባኬት አፈር የሚያነሳው ሎደርና ማጨጃ ሲጨመርበት ብዙ ጊዜ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ የሚወጣበት ዕቃ ነው። ከገንዘቡም በላይ ሰው ይገድላል። ስለዚህ በየቤቱና በየሰርጉ ሲነገር የምሰማውን እያነሳሁ እውነታውን ልንገራችሁ።

«የፈረስ ጉልበቱ ከበዛ ሁሉን ይሠራል»

ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ቁጥር የሞተሩ ጉልበት ነው። ማጨጃውን የሚያዞረው ግን ከትራክተሩ ኋላ ወጥቶ በደቂቃ 540 ጊዜ የሚሽከረከረው ዘንግ ነው፤ ፒቲኦ ይሉታል። ጉልበቱ እዚያ እስኪደርስ መንገድ ላይ ይቀንሳል። ኩቦታ ኤል2501ን እንውሰድ። ሞተሩ 24.8 የፈረስ ጉልበት አለው። ፒቲኦው ላይ ሲለካ ባለ ማርሹ 20.5፣ በፔዳል የሚነዳው ሃይድሮስታቲክ ደግሞ 19 ይሰጣል። ቁጥቋጦና ወፍራም አረም ለሚቆርጥ ማጨጃ የቆየው ስሌት ለእያንዳንዱ ጫማ ስፋት 5 የፒቲኦ ጉልበት ነው። «ባለ 25 ነው» ተብሎ ባለ 5 ጫማ ማጨጃ የተገዛለት ትራክተር ወፍራም ነገር ሲገጥመው ሞተሩ ይታነቃል። ባለ 4 ጫማውን ግን ያዞራል።

ከዚህም በላይ የሚረሳው ክብደት ነው። እዚያው ኩቦታ ቤት ያለውን ቢኤክስ2380ን ከኤል2501 ጋር አስተያዩት። ስማቸውን ላነበበ ልዩነታቸው 2 ፈረስ ይመስላል። ትንሹ ያለ ሎደሩ 1,400 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፤ ሌላው ከ2,400 ፓውንድ በላይ ነው። ጠጠር የሚገፋው፣ ግንድ የሚጎትተው፣ ተዳፋት ላይ መሬት የሚቆነጥጠው ይህ ክብደት ነው። ጎማው መሬት ካልያዘ የሞተሩ ጉልበት ጭቃ ከመርጨት አያልፍም። በሌላ በኩል ኤል3301 ከኤል2501 ይልቅ 8 ፈረስ ያህል ይበልጣል፤ ሻንሲያቸውና ሎደራቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። ሎደር ላይ ለሚውል ሰው ያ 8 ፈረስ ተጨማሪ አንድ ባኬት እንኳ አያነሳለትም።

ገበያው ላይ በ24 እና በ25 ፈረስ መካከል ብዙ ትራክተር የተከማቸው በአጋጣሚ አይደለም። ኢፒኤ የሚባለው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት 19 ኪሎዋት፣ ማለትም 25.5 የፈረስ ጉልበት ግድም በሚደርሱና ከዚያ በላይ በሆኑ ትንንሽ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ከ2013 ጀምሮ የጥላሸት ገደቡን አጥብቋል። ገደቡን ለማሟላት አብዛኞቹ አምራቾች ጭስ ማውጫው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ ገጠሙ። ማጣሪያው ሲሞላ በከፍተኛ ሙቀት ራሱን እያቃጠለ ይጸዳል፤ ለዚህ ሞተሩ ሞቆ፣ ዙሩ ከፍ ብሎ መሥራት አለበት። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራበት ሰው ችግር የለውም። ጠዋት 15 ደቂቃ አስነስቶ ቆሻሻ ገፍቶ የሚያጠፋ ሰው ግን ጽዳቱን በየጊዜው ያቋርጠዋል፤ ውሎ አድሮ ማጣሪያው ይደፈናል፣ ወጪውም ይመጣል። ለ5 ኤከር ግቢ ከገደቡ በታች ያለውን ብትመርጡ የሚቀርባችሁ ነገር ጥቂት ነው።

«ትራክተር ከገዛሁ የሣሩ ነገር አለቀ»

በዚህ እምነት ብዙ ሰው ተጸጽቷል። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳ ትራክተር ያየን ሰዎች የሜዳ ሥራ ሁሉ የሱ ይመስለናል። ስሌቱን እዩት። 5 ጫማ ስፋት ያለው ማጨጃ ከሆዱ ሥር የተገጠመለት ትንሽ ትራክተር ሣሩን አሳምሮ ሲቆርጥ በሰዓት 4 ማይል ገደማ ይሄዳል። መታጠፊያውና መደራረቡ ሲቀነስ በሰዓት ወደ 2 ኤከር ያጭዳል። ያንኑ ስፋት ያለው፣ በሁለት ማንሻ የሚነዳው፣ ዜሮ ተርን የሚባለው ማጨጃ በ7 ማይል እየሄደ 3 ኤከር ተኩል ያህል ይጨርሳል። በወቅቱ 25 ጊዜ የሚታጨድ 4 ኤከር ሣር ካላችሁ ልዩነቱ በዓመት ከ20 ሰዓት ያልፋል። ከዚያ ላይ ትራክተሩ ከነሎደሩ ከባድ ነው። የቨርጂኒያ ቀይ ሸክላ ዝናብ በጠጣበት ሳምንት ሲታጠፍ የጎማው ፈለግ እስከ በጋ አይጠፋም።

ግቢያችሁ 1 ኤከር ሜዳ ከሆነና ሌላ ሥራ ከሌላችሁ ትራክተር አትግዙ። ይህን ፊት ለፊት የሚነግራችሁ ሻጭ ስለማይበዛ እኔ ልናገረው።

ዜሮ ተርንም ገደብ አለው። የሚነዳውም፣ የሚታጠፈውም፣ የሚቆመውም በኋላ ጎማዎቹ ነው፤ የፊቶቹ ዝም ብለው ይከተላሉ። እርጥብ ተዳፋት ላይ የኋላዎቹ ከተንሸራተቱ መሪም ፍሬንም አብረው ይጠፋሉ። አብዛኞቹ የአምራቾች መመሪያዎች ከ15 ዲግሪ በላይ ተዳፋት ላይ እንዳይነዳ የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው።

ማጨጃም ሁሉ አንድ አይደለም። ቡሽ ሆግ የአላባማ ኩባንያ ስም ነው፤ እኛ የጥርስ ሳሙናን ሁሉ ኮልጌት እንደምንለው ለዓይነቱ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ወፍራም ስለቶቹ ላልተው የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ጉቶ ሲመታቸው ወደ ኋላ ይታጠፋሉ እንጂ አይሰበሩም። ለዓመት ያልተነካ ሜዳ ይጥላል፤ የደጅ ሣር ላይ ግን ገለባ ከምሮ፣ ሸካራ አድርጎ ይሄዳል። የፊኒሽ ማጨጃው ተቃራኒው ነው፤ የደጁን ሣር እንደ ምንጣፍ ያስተካክላል፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ ይሰበራል። ቡሽ ሆግ ድንጋይ አንስቶ ሩቅ ስለሚወረውር ሲሠራ ልጅም እንግዳም ሜዳው ላይ አይቁም።

ትንንሾቹን አባባሎች ባጭሩ ላንሳ። «ሃይድሮስታቲክ ደካማ ነው» ይባላል። አንድ ሁለት ፈረስ ይወስዳል፤ ዛፍ ለዛፍ እየዞሩ ለሚያጭዱና በሎደር ወደፊት ወደኋላ ለሚመላለሱ ግን እግር ከፍሪሲዮን ያሳርፋል፤ ዋጋውን ያወጣል። «ጥርሳሙ ጎማ ይሻላል» ይባላል። ለእርሻ ጭቃ እውነት ነው፤ የደጅ ሣር ግን ይቦጭቃል። «ዜሮ ወለድ ነው» ሲሏችሁ በጥሬ ገንዘብ ብከፍል ስንት ይቀነስልኛል ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ወለዱ ዋጋው ውስጥ ተቀምጧል። የትኛው አምራች ይሻላል ለሚለው ክርክር ደግሞ መልሴ አንድ ነው፦ መለዋወጫ ያለው፣ መካኒኩ ስልክ የሚያነሳ ሻጭ ማን አጠገባችሁ አለ?

«የድሮ ብረት ይሻላል»

እውነት አለበት። ፎርድ 8ኤን ከ1947 እስከ 1952 ተመርቶ ከ500 ሺህ በላይ ተሸጧል፤ ዛሬም በየጎተራው አለ። ከኋላው ያለው ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ በ1939 በፎርድ 9ኤን ላይ የተገጠመው የሃሪ ፈርጉሰን ሥራ ነው። አገራችን ማሳ ላይ በምናውቀው ማሴ ፈርጉሰን ስም ውስጥ ያለው ፈርጉሰን እሱ ነው። ዛሬ የምትገዙት ማጨጃ የሚታሠረውም በዚያው ሐሳብ ነው።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ ትራክተሮች ፒቲኦው ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የተያያዘ ነው። ፍሪሲዮን ስትረግጡ ሞተሩ ይለያል፤ ከኋላ የሚዞረው ከባድ ስለት ግን አይቆምም። ጉልበቱን በዘንጉ በኩል ወደ ማርሹ፣ ከማርሹም ወደ ጎማው ይመልሰዋል። ፍሪሲዮን ተረግጦ ትራክተሩ ወደፊት ይሄዳል፤ ፊት ለፊት አጥር ይኑር ሰው አይለይም። ይህን የሚከላከል ኦቨርራኒንግ ክላች የሚባል፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚሰካ ቁራጭ ብረት አለ። አሮጌ ትራክተር በቡሽ ሆግ የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ እሱን ይግዛ። ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የከፋ ነው፤ ከነጂው ጀርባ የሚቆመው መከላከያ ብረት የላቸውም።

«ትንሽ ስለሆነ አይገለበጥም»

አንድ መጋቢት ጠዋት የግቢያችንን መንገድ ላስተካክል በሎደሩ ጠጠር ሞልቼ ቁልቁል ወረድኩ። ሣሩ ጤዛ ይዟል። ከኋላ ምንም አላሠርኩም፤ አራቱም ጎማ እንዲነዳ የሚያደርገውንም ማንሻ አላስገባሁም። ግማሽ መንገድ ላይ የኋላ ጎማዎቹ ቀለሉ። ፍሬኑን ስረግጥ ጎማዎቹ ቆሙ፤ ትራክተሩ ግን እንደ በረዶ ሸርተቴ መውረዱን ቀጠለ። ባኬቱን ወዲያው መሬት ላይ ጣልኩት፤ አፈሩን እያረሰ ቆመ። ጥፋቱ የራሴ ነበር። የአብዛኞቹ ትንንሽ ትራክተሮች ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ሎደሩ ሲሞላ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ፍሬኑ ያለበት ጎማ መሬቱን ይለቃል። ስለዚህ አራት ጎማ መንዳት ለጭቃ ብቻ አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማዎቹም አብረው እንዲይዙ ያደርጋል። ሎደር ሲሠራም ከኋላ ከባድ ነገር መታሠር አለበት። ሻጩ የሚነግራችሁ የማንሳት አቅምም ብዙ ጊዜ የሚለካው ባኬቱ ከሚታሠርበት ፒን ላይ ነው፤ ፎርክ ገጥማችሁ ጭነቱ ወደፊት ሲርቅ የሚነሳው ከዚያ ያንሳል።

መገልበጥ ወደ ጎን ብቻ አይደለም። ጉቶ ለመንቀል ሰንሰለቱን ከመጎተቻው በላይ፣ ከፍ ካለ ቦታ ያሠረ ሰው ጉቶው እምቢ ሲለው ጎማው መዞር ያቅተዋል፤ ያኔ የትራክተሩ አፍንጫ ይነሳል። ወደ ኋላ ተገልብጦ ነጂው ላይ ለመውደቅ ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም። እግር ወደ ፍሪሲዮን እስኪደርስ ነገሩ አልቋል። ሰንሰለት ሁልጊዜ ከታች፣ መጎተቻው ላይ ይታሠር።

ከነጂው ጀርባ ቅስት ሆኖ የሚቆመው ብረት ሮፕስ ይባላል። የአሜሪካ አምራቾች ከ1985 ጀምሮ ከ20 ፈረስ በላይ በሆኑ አዳዲስ ትራክተሮች ላይ እንደ መደበኛ ዕቃ ያስገቡታል። ኒዮሽ የተባለው የአገሪቱ የሥራ ደህንነት ጥናት ተቋም እንደሚለው ከቀበቶ ጋር ሲያገለግል በመገልበጥ የሚመጣ ሞትና ጉዳትን 99 በመቶ ይከላከላል። ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት። ብረቱ ቆሞ ቀበቶ ካልታሠረ ነጂው ተወርውሮ ሥሩ ይገባል። ብረቱ ታጥፎ ወይም ጨርሶ ሳይኖር ቀበቶ ከታሠረ ደግሞ ነጂው ከሚወድቅበት ብረት ጋር ታስሮ ይቀራል።

የማውቃቸው ብዙዎች ከዛፍ ቅርንጫፍ በታች ለማለፍ ወይም ጋራዥ ለማስገባት ብረቱን ያጥፉታል፤ ከዚያ ይረሱታል። ባለፈው ወር የጎበኘሁት ወዳጄ ቤት ትራክተሩ ገና ሽታው ያልለቀቀ አዲስ ነው፤ ብረቱ ወደ ኋላ ታጥፎ የሸረሪት ድር አድርቶበታል። «ጋራዡ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው እኮ» አለኝ። አብረን ወደ ደጅ አወጣነው፤ ብረቱን ቀና አደረግነው፤ ሁለቱን ፒኖች ቀዳዳቸው ውስጥ አስገብተን ቆለፍን። ሦስት ደቂቃ አልወሰደም።

አሮጌ ትራክተር ያላችሁ ሻጩን ሮፕስ ይገጠምለት እንደሆነ ጠይቁ፤ በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ከወጪው አብዛኛውን የሚመልስ የድጋፍ ፕሮግራም አለ። ትራክተር ግቢያችሁ ያለ ሁሉ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አስቀምጣችሁ ወደ ጋራዡ ሂዱ። ብረቱ መቆሙን፣ ፒኖቹ መግባታቸውን፣ ቀበቶው መሥራቱን በእጃችሁ አረጋግጡ።