ኮንፊሽየስ ፈተና ላይ አይመጣም

ባለፈው ሰሞን ለሥራ ጉዳይ፣ የቻይና ኩባንያ ገንብቶት በ2009 ዓ.ም. ወደተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ እመላለስ ነበር። ማታ ማታ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ እህቴ ቤት አድራለሁ። የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። አንድ ምሽት የታሪክ ማስታወሻዋን ስታነበንብ የኮንፊሽየስን ስም ሰማሁ።

«ማን ነው እሱ?» አልኳት።

«የቻይና ፈላስፋ ነዋ ጋሼ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ551 ተወልዶ በ479 ሞተ።»

«ምን ብሎ አስተማረ?»

«እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» ብላኝ ወደ ሽምደዳዋ ተመለሰች።

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቆይቶ ግን አሳሰበኝ። ልጅቷን እንቅልፍ የነሳት ፈተና የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ከዚሁ ሰው ደጃፍ ያደርሳልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንፊሽየስ ሰው በትውልዱ ሳይሆን በትምህርቱና በምግባሩ ይመዘን ያለ፣ ድሃ ነው ብሎ ተማሪ ያልመለሰ መምህር ነበር። ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ነገሥታቱ ትምህርቱን የመንግሥት ትምህርት አደረጉት። በ7ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ደግሞ በሱይ ሥርወ መንግሥት ሹማምንትን በፈተና መምረጥ ተጀመረ። ሥርዓቱ እስከ 1905 እ.ኤ.አ. 1 ሺሕ 300 ዓመት ያህል ዘልቋል። የገበሬ ልጅም ካለፈ ለሹመት ይበቃ ነበር። በ1854 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች የመንግሥት ሠራተኛ በፈተና ይቀጠር ወይስ አይቀጠር ብለው ሲከራከሩ ቻይና በምሳሌነት ትነሳ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የእኛም ተማሪዎች የለንደን ዩኒቨርሲቲን ፈተና ይፈተኑ ነበር፤ ማትሪክ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ይሁንና የቻይናው ፈተና እያደር ተበላሸ። ኮንፊሽየስ ሳያስቡ መማር ከንቱ ድካም መሆኑን ያስተምር ነበር። በኋለኞቹ ዘመናት ግን ተፈታኙ ስምንት ክፍል ያለው፣ ቅርጹ አስቀድሞ የተወሰነ ድርሰት እንዲጽፍ ይገደድ ጀመር። በስሙ የቆመው ፈተና ሸምዳጁን ሸለመ።

የእኛ አገር ሊቃውንትም ይህን አደጋ ያውቁታል። ለደሴ ቅርብ በሆነው ሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተምሩ ነበር። የአብነት ተማሪ ዳዊቱን በቃሉ ያጠናል፤ ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ያጠናው ብቻ አያዋጣውም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ማቅረብ አለበት። የወሎ ደረሳም ከሸኹ ፊት ተቀምጦ ኪታብ ሲቀራ ንባቡን ብቻ ሳይሆን ትርጉሙንም ያስከትላል። በሁለቱም ዘንድ በቃል መያዝ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ገብቶባቸው ስለነበር የእኛ አካባቢ ልጆች ፈተና እጥፍ ነበር። ታዲያ ፈተና ይቅር አልልም፤ የድሃ ልጅ ያለ ዘመድ የሚያልፍበት በር እሱ ነው። ነገር ግን «መቼ ተወለደ?» ብቻ እየጠየቅን «ምን አለ? አንቺስ ምን ትያለሽ?» ካላልን፣ ቻይናውያን በ1905 የጣሉትን ሸክም እኛ አንስተን ተሸክመናል ማለት ነው።

በማግስቱ ማታ ይህንኑ ለእህቴ ልጅ አጫወትኳት። ዝም ብላ አዳመጠችኝና «ሴቶችስ ይፈተኑ ነበር?» አለችኝ።

«አይፈተኑም ነበር።»

ደብተሯን ዘግታ «ለምን?» እያለች ታከራክረኝ ጀመር። እስከ እኩለ ሌሊት አልለቀቀችኝም።