ላስታ ከወረዳው ይሰፋል

ላስታ የት ነው ተብሎ ቢጠየቅ አንዱ በሰሜን ወሎ ዞን ያለ ወረዳ ነው ይላል፤ ሌላው የቅዱስ ላሊበላ አገር፣ የዛጉዌ ነገሥታት መናገሻ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው መንግሥት ለሥራው ያሰመረውን ወሰን ይጠቅሳል፤ ሁለተኛው ሕዝብ በስሙ ሲጠራው የኖረውን አገር። ሁለቱን ለይተን ስለማናይ የአካባቢ አስተዳደራችን ታሪክ ይደበላለቅብናል። ከሁሉ የሚቆጨው ደግሞ ወረዳን፣ ከእርከኖቻችን ሁሉ ጽኑ የሆነውን ተቋም፣ አሳንሰን ማየታችን ነው።

በድሮው ሥርዓት ሥልጣን የሚከተለው ካርታን ሳይሆን ሹምን ነበር። የዛጉዌ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1270 በይኩኖ አምላክ ሲያበቃ፣ የዘር ሐረጋቸውን ከዛጉዌ የሚቆጥሩት ዋግሹሞች መቀመጫቸውን ሰቆጣ አድርገው የላስታን ጎረቤት ዋግን በውርስ ማስተዳደራቸውን ቀጠሉ። ከነዚህም ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ከታች ጭቃ ሹሙ ከገበሬው ጋር እየኖረ ግብር ያስገብራል፤ ምስለኔው፣ ስሙ እንደሚነግረን «እኔን መሳይ» ሆኖ፣ በጌታው ስም ይሠራል። ሹሙ ሲበረታ ግዛቱ ይሰፋል፣ ሲወድቅ ይጠብባል። ስለዚህ የጥንቱን ላስታ ወሰን በአንድ መስመር ልሥራ ብሎ የሚነሣ ሰው፣ ያልነበረን ነገር ይፈልጋል።

መስመሩ የመጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ደንብ አገሪቱን በ12 ጠቅላይ ግዛት ከፍሎ፣ ከሥራቸው አውራጃን፣ ወረዳንና ምክትል ወረዳን አዋቀረ፤ ገዢውም ከሕዝብ በሚሰበስበው ሳይሆን በደመወዝ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ እንዲሆን ደነገገ። ዋግና ላስታ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ሁለት አውራጃዎች ሆኑ። ደርግ ጠቅላይ ግዛትን ክፍለ ሀገር አለው፣ በ1967 ዓ.ም. ከሥር የገበሬ ማኅበርንና ቀበሌን አቆመ፤ በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ወሎን ሰሜንና ደቡብ ብሎ ከፈለው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ክልል መጣ፣ አውራጃ ቀረ፣ ዞን ተተካ፤ ዋግ ዋግ ኽምራ ተብሎ የብሔረሰብ አስተዳደር ሆነ፣ ላስታም በሰሜን ወሎ ውስጥ ቀረ። በነዚህ ለውጦች ሁሉ ከላይ ያለው ስም ሲቀያየር፣ ከታች ያለውም እየተነቀለ ሲተከል፣ ወረዳ ግን በንጉሡ፣ በደርግና በፌዴራሉ ዘመን ስሙንም ሥራውንም ይዞ ዘለቀ።

አሁን ወደ ተለመደው ስሕተት እንመለስ፤ ደግመን ደጋግመን ልናርመው የሚገባም እሱ ነው። «ላስታ ማለት ላስታ ወረዳ ነው» የሚሉ ጽሑፎች ከቅርቡ ካርታ ተነሥተው ወደ ኋላ ይሄዱና የዛጉዌን አገር በዛሬው ወረዳ ልክ ይቆርጡታል። የዛሬው ላስታ ወረዳ ግን ከቡግና ወረዳ ተከፍሎ የወጣ፣ ዕድሜው አጭር የሆነ ወሰን ነው፤ የላሊበላ ከተማም ከእሱ ተለይታ የራሷ ከተማ አስተዳደር አላት። እንግዲህ አገሩን በወረዳው የሚለካ ሰው ቡግናን ከላስታ ያስወጣል፤ ይባስ ብሎም ራሷን ላሊበላን ከላስታ ውጭ ያደርጋታል! እንግሊዞች በዚህ ጉዳይ ያዩትን ማስታወስ ይጠቅማል። ሩትላንድ የምትባለው ትንሿ ጥንታዊ ካውንቲያቸው እ.ኤ.አ. በ1974 የሌስተርሻየር አንድ ወረዳ እንድትሆን ተደረገች፤ ሕዝቧ ግን ስሟን አልተወም፣ በ1997ም የራሷ ምክር ቤት ተመለሰላት። ሚድልሴክስ በ1965 ከአስተዳደር ካርታ ቢፋቅም የክሪኬት ቡድኑ ዛሬም በስሙ ይጫወታል። ሕግ ምክር ቤት ሊያፈርስ ይችላል፤ የአገር ስም ግን በአዋጅ አይሻርም።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ወረዳ ጽኑ ነው ማለት ምን ዋጋ አለው፣ ገንዘቡ ከላይ የሚመጣ ከሆነ? ዕቅድ ለማውጣት የሚያመቸውስ ሰፊው አውራጃ አልነበረም ወይ? ጥያቄው ክብደት አለው። ነገር ግን አውራጃ ዕድሉ ተሞክሮለት ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር በትእዛዝ ቁጥር 43 ቢታወጅም ፓርላማው ሳያጸድቀው ቀረ፣ ያኔም አውራጃ የታሰበለትን ራስ ገዝነት ሳያገኝ ቀረ። ወረዳ በአንጻሩ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቅል በጀት እየተሰጠው በምክር ቤቱ በኩል እንዲደለድል ሆኗል። በጀቱ አይበቃም፣ አብዛኛውም ለደመወዝ ይውላል ማለት ትክክል ነው፤ ይህ ግን ወረዳን ለማጠናከር የሚያበቃ ምክንያት እንጂ ለመናቅ የሚያበቃ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ወረዳ የጸናውም ሌላው እርከን ሳይነካው ስለቀረ አይደለም። ገበሬው ግብር የሚገብርበት፣ ክርክሩን የሚያቀርብበት፣ የይዞታ ደብተሩን የሚያወጣበት፣ የልጁ መምህር የሚመደብበት እሱ ስለሆነ ነው፤ መንግሥት ቢለወጥ እነዚህ ጉዳዮች አይቀሩምና።

ስለዚህ ጸሐፊ፣ መምህርና አስጎብኚ ሁሉ ቃሉን ይጠንቀቅ። ስለ ጽሕፈት ቤቱ ሲናገር «ላስታ ወረዳ» ይበል፤ ስለ አገሩ ሲናገር «ላስታ» ብሎ ይተወው። ወረዳውን በሥራው ይመዝነው፣ አገሩን በታሪኩ ያክብረው። ነገ ወረዳው ተከፍሎ ሁለት ቢሆን ወይም ከጎረቤቱ ቢጠቃለል፣ ላስታ ላስታ ነው።