አንድ ኪሎ ስንት ኩባያ ነው?

ካዛንቺስ ውስጥ አስቤዛ ስትገዙ ሁለት ዓይነት ልኬት ያጋጥማችኋል። ባለሱቁ ስኳርና ምስር በኪሎ ይመዝናል፤ ጉሊት የተቀመጠችው እናት ደግሞ በርበሬና ሽሮ በስኒ ወይም በጣሳ ትሰፍራለች። ቤት ስትገቡ የኬኩ አሠራር «3 ኩባያ ዱቄት» ይላል፤ የያዛችሁት ግን ባለ 1 ኪሎ እሽግ ነው። ኪሎውን ወደ ኩባያ የሚለውጥ አንድ ቁጥር አለ? የለም! ደስ የሚለው ደግሞ «የለም» የተባለበት ምክንያት ነው።

ውሃ ቀላል ነው፤ 1 ሊትሩ 1 ኪሎ ይመዝናል። ደረቅ ነገር ግን የሚሰፈረው ከነአየሩ ነው። ክብ ክብ እህል ዕቃ ውስጥ ስታፈሱ ከቦታው 40 በመቶ የሚጠጋው በፍሬዎቹ መሃል የቀረ ክፍተት ነው። ፍሬው ስላነሰ ብቻ ይህ ክፍተት ብዙም አይቀንስም፤ ቀዳዳዎቹ ሲያንሱ ቁጥራቸው ይበዛልና። ዱቄት ደግሞ ይብሳል። ብናኙ እርስ በርሱ እየተያያዘ አየሩን አፍኖ ይይዛል፤ ጤፍ ያስፈጨ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ኪሎው ሳይጨምር ማዳበሪያው ይጠበዋል።

ስለዚህ 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ስኳር ሲሞላ 200 ግራም ገደማ፣ ደቃቅ ጨው ሲሞላ 290 ገደማ፣ የስንዴ ዱቄት ሲሞላ ግን 125 ገደማ ብቻ ይመዝናል። ዱቄቱም እንደ እጃችን ይለያያል፤ ተነፍቶ ቀስ ብሎ ከተጨመረ 110 አካባቢ፣ ከተጠቀጠቀ 150 ይደርሳል። በ3 ኩባያ ልዩነቱ 120 ግራም መሆኑ ነው። በአሠራሩ መሠረት ተሠርቶም ኬኩ የሚደርቅበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው! አሜሪካዊቷ የምግብ ዝግጅት መምህርት ፋኒ ፋርመር እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው መጽሐፍ ኩባያና ማንኪያ አፋቸው ተጠርጎ እንዲለኩ አጥብቃ አስተምራለች። ትልቅ ነገር ነው፤ ክምሩን ያስቀራል። ውስጥ የተጠቀጠቀውን ግን አፉን መጥረግ አያስተካክለውም።

ሚዛን ከሌላችሁ አትጨነቁ። ፋብሪካ ያሸገውን 1 ኪሎ ዱቄት ክፈቱ፣ ሁልጊዜ በምትጠቀሙበት ኩባያ፣ ሁልጊዜ በምትሰፍሩበት አኳኋን እየሰፈራችሁ ጨርሱትና 1,000ን ለኩባያው ብዛት አካፍሉ። 8 ከሆነ አንዱ 125 ግራም ነው። ስኳሩንም፣ ሩዙንም፣ ምስሩንም እንዲሁ። ኩባያው ራሱ ስንት እንደሚይዝ ለማወቅ ደግሞ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ይበቃል፤ ሁለቴ ልክ ከሞላው 250 ሚሊ ሊትር ነው። ከጉሊት የተገዛውን አንድ ስኒ በርበሬ ግን የሰፈር ባለሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ የስኒው ዋጋ ከኪሎው ዋጋ ጋር የሚወዳደረው ያኔ ነው።

ይህ በተለይ ዛሬ ይጠቅማል። በ2017 ዓ.ም. ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪ ሰፈሩ ፈርሶ ወደ ሌላ አካባቢ ሄዷል፤ ስኒዋን ከምናውቃት ደንበኛችን ተለይተን ስኒዋን ከማናውቃት መግዛት ጀምረናል። ኪሎ ግን የትም አንድ ነው። የኩባያችሁን ቁጥር አንዴ አውጡና በዱቄቱ ዕቃ ክዳን ላይ ጻፉት፤ ኩባያው ሲቀየር ቁጥሩንም መቀየር አትርሱ።