ደንበኛን ስለ መያዝና ቃልን ስለ መጠበቅ

በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራና በርበሬ ተራን የመሳሰሉት ስፍራዎች የሚጠሩት በሚሸጥባቸው ዕቃ ስም ነው። በእንዲህ ያለው ስፍራ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ተጠጋግተው ስለሚገኙ፥ በዋጋ ብዙ አይበላለጡም። ገዢው አንደኛውን አልፎ ወደ ሁለተኛው የሚገባው እንግዲህ በሻጩ አያያዝና በቃሉ መጽናት ምክንያት ነው። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የተባለው ለጋባዥ ብቻ ሳይሆን ለባለሱቅም ይሠራል። ይሁን እንጂ መልካም ፊት ብቻውን አይበቃምና፥ የሚከተሉትን አራት ነገሮች መጠበቅ ያስፈልጋል።

1ኛ/ ዋጋን ስለ መግለጽ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይና ለሸጠው ደረሰኝ እንዲሰጥ ደንግጓል። ይህም ሻጩን ራሱን የሚጠቅም ነው፤ ዋጋው ተጽፎ ሲታይ ገዢው «ለእኔ ተጨመረብኝ» ብሎ አይጠራጠርም።

2ኛ/ ስለ ዱቤ። ለደመወዝተኛ እስከ ወር መጨረሻ በዱቤ መስጠት የተለመደ ነው። ጠብ የሚነሣው ግን ልጅ ወይም ሠራተኛ ተልኮ በሚወስድበት ጊዜ ነው፤ የቤቱ ባለቤት የማያውቀውን ሒሳብ ሲጠየቅ ይቈጣል፥ ባለሱቁም ገንዘቡንና ደንበኛውን ባንድነት ያጣል። ስለዚህ ሁለት ደብተር ይዘጋጅ፤ አንዱ በሱቁ፥ ሁለተኛው በደንበኛው ቤት ይቀመጥ። ዕቃ በተወሰደ ቍጥር ቀኑ፥ ዓይነቱ፥ ልኩና ዋጋው በሁለቱም ላይ ይጻፍ። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላልና።

3ኛ/ ቀንና ሰዓትን ስለ መለየት። ከውጭ አገር ጋር የሚጻጻፍ ነጋዴ እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ለምሳሌ አንድ የቡና ላኪ የያዘው ሌተር ኦፍ ክሬዲት የተባለው የባንክ ሰነድ እስከ ፌብሩዋሪ 5 ቀን ብቻ የሚጸና ነው እንበል። ጸሐፊው ይህን «የካቲት 5» ብሎ ቢተረጕመው ይሳሳታል፤ ፌብሩዋሪ 5 በአብዛኛው ዓመት ጥር 28 ቀን ነውና። በዚህ ስሕተት ወረቀቱ 7 ቀን ዘግይቶ ሲቀርብ ባንኩ አልከፍልም ሊል ይችላል። እንዲሁም በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት የሚባለው በውጭው አቈጣጠር 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ በደብዳቤም ሆነ በስልክ መልእክት ሁለቱም አቈጣጠር ጐን ለጐን ይጻፍ፤ ወሩም በቍጥር ሳይሆን በስሙ ይጠራ።

4ኛ/ ስለ አቤቱታ። ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ ጕድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሻጩ አቤቱታውን ሳያቋርጥ ያዳምጥ፤ መልሱንም በዚያው ቀን ይስጥ። ዕቃው ከአስመጪው ዘንድ እስኪመጣ የሚያስጠብቅ ከሆነ ቀኑን ቈርጦ ይንገር፤ ቀኑ የሚያልፍም ቢሆን ደንበኛው ተመላልሶ ሳይጠይቅ አስቀድሞ ያስታውቀው። ቅሬታውን የሚናገር ሰው ገና ደንበኛ ነው፤ ዝም ብሎ የሄደውን ግን ማንም አይመልሰውም።

ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ከጥቂት ደብተርና ከአንድ የቀን መቍጠሪያ ዋጋ አይበልጥም። የሚጠይቀው ትጋትን ነው፤ እርሱም በየዕለቱ ሲፈጸም የንግድ ቤቱን ስም ያጸናል።