ከጦሳ ጀርባ እስከ ሎጎ ሐይቅ፦ የደቡብ ወሎ ሐይቆች እንዴት ይጎበኙ? እንዴትስ ይጠበቁ?

ከደሴ ከተማ በስተምዕራብ ወደሚገኘው የጦሳ ተራራ ማለዳ የወጣ ሰው ግራና ቀኙን ቢመለከት ሁለት የተለያዩ ገጽታዎችን ያያል። በስተምሥራቅ ደሴ በጠባቡ ሸለቆዋ ውስጥ ተጠጋግታ ትታያለች፤ በስተምዕራብ ደግሞ የገራዶ ሜዳ በማሳ ተሸንሽኖ ይዘረጋል። ከዚህ ሥፍራ ተነስቶ በአንድ ቀን የሚደረስባቸው ሦስት ሐይቆች አሉ፤ ሎጎ ሐይቅ፣ አርዲቦ እና ማይባር። ሦስቱም በአካባቢው ነዋሪ ዘንድ የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ እንዴት እንደተፈጠሩ፣ በምን እንደሚተሳሰሩና ምን እንደሚያሰጋቸው ያን ያህል አይነገርም።

አንድ መሬት፣ ሁለት ዕጣ

ደቡብ ወሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ደጋ ወደ አፋር ዝቅተኛ መሬት በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ነው። በዚህ ጠርዝ የምድር ቅርፊት በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ሲሰነጠቅና ሲሰምጥ በተራሮች መካከል ረዣዥም ጎድጓዳ ቦታዎች ተፈጥረዋል። የቦርከና ሸለቆም ሆነ የገራዶ ሜዳ የዚህ ሂደት ውጤቶች ናቸው፤ ጦሳም በመካከላቸው ከፍ ብሎ የቀረ ግድግዳ ነው።

ጎድጓዳው ቦታ ለውኃው መውጫ ሲኖረው ወንዝ ያልፍበታል፤ ከተራራው የሚወርደው ደለልም እየተነጠፈ ለእርሻ የሚመች ሜዳ ይሆናል። መውጫው ሲዘጋ ወይም እጅግ ሲጠብ ደግሞ ውኃው ይጠራቀምና ሐይቅ ይወለዳል። ስለዚህ ሜዳውና ሐይቁ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ሜዳውን ያለማው ደለል ግን ወደ ሐይቅ ሲገባ ጥፋት ይሆናል። ይህን ልብ ማለት የሐይቆቹን ችግር ለመረዳት ይጠቅማል።

ሎጎ ሐይቅ

ሎጎ ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በተሁለደሬ ወረዳ፣ ስሙን ከሐይቁ ባገኘችው ሐይቅ ከተማ አጠገብ ይገኛል። ከ20 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን ጥልቀቱ በአንዳንድ ቦታ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ዙሪያው በኮረብታ የተከበበ በመሆኑ በጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ውኃው እንደ መስተዋት ረግቶ ይታያል።

ሐይቁ ከተፈጥሮ ውበቱ ባሻገር የታሪክ ሥፍራ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ መምህርነት ገናና የትምህርት ማዕከል ሆኖ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩባቸው ገዳማት አንዱ ነው። ገዳሙ ቀድሞ በውኃ የተከበበ ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ስለተገናኘ በእግር ይደረስበታል። በገዳሙ ሥርዓት መሠረት ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። ስለሆነም በቤተሰብ የሚጓዙ ሰዎች አስቀድመው ይህን ማወቅና ጉዟቸውን በዚያው መሠረት ማሰናዳት ይኖርባቸዋል።

በሐይቁ ቆረሶ፣ አምባዛና ካርፕ ይጠመዳሉ። በተለይ ቆረሶ ከጥንት የነበረ ሳይሆን በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው። ዛሬ ለአጥማጆች የገቢ ምንጭ፣ ለጎብኚም በዳርቻው ተጠብሶ የሚቀርብ ምግብ ሆኗል። በጀልባ መንሸራሸር፣ በዳርቻው በእግር መጓዝ፣ ይብራና ሌሎች የውኃ ወፎችን መመልከትም ይቻላል።

አርዲቦ እና ማይባር

አርዲቦ ከሎጎ ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ይገኛል። ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤት ይሁኑ እንጂ አርዲቦ ከሎጎ ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል የተቀመጠ ነው። ጸጥታ ለሚሻ፣ ረጅም መንገድ በእግር መጓዝ ለሚወድና ድንኳን ተክሎ ማደር ለሚፈልግ ሰው ከሎጎ ይልቅ አርዲቦ ይመረጣል። የሚበላና የሚጠጣ ይዞ መሄድ ግን ግድ ይላል።

ማይባር ከደሴ በስተደቡብ የሚገኝ ትንሽ ሐይቅ ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያረፈ ነው። ስፋቱ ከሁለቱ ጋር አይወዳደርም፤ ለገበሬው ያለው ትርጉም ግን ትልቅ ነው። በ1970ዎቹ የግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ባካሄደው የአፈር ጥበቃ ምርምር ከተመረጡት ጣቢያዎች አንዱ የተቋቋመው በማይባር ነው። ከአንድ ተዳፋት ምን ያህል ዝናብ እንደወረደ፣ ምን ያህሉ ጎርፍ እንደሆነና ምን ያህል አፈር ጠርጎ እንደሄደ እየተለካ ተመዝግቧል። ማይባርን የሚጎበኝ ሰው ሐይቁን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያሉትን እርከኖችም ቢመለከት ብዙ ይማራል።

አንከርካ የሚያስተሳስራቸው

አርዲቦንና ሎጎን የሚያገናኘው የአንከርካ ወንዝ ነው። ወንዙ ከአርዲቦ ተነስቶ ቁልቁል እየወረደ ወደ ሎጎ ይገባል። በመንገዱ ላይ ያሉ ገበሬዎች በመስኖ ጠልፈው ያለሙበታል። ይህ ለቤተሰብ ኑሮ ወሳኝ ነው፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ለማምረት ያስችላልና። በሌላ በኩል ግን ወደ ታች የሚደርሰው ውኃ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ሎጎ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ የለውም። ውኃው የሚቀንሰው በትነትና ወደ ከርሰ ምድር በመስረግ ነው። ይህ ማለት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚገባው ውኃ ሲያንስ የሐይቁ ወለል ወዲያው ዝቅ ይላል። ሁለተኛ፣ ወደ ሐይቁ የገባ ደለል፣ ማዳበሪያ፣ የፀረ ተባይ መድኃኒትና ቆሻሻ ጠርጎ የሚያወጣው ወንዝ ስለሌለ እዚያው ይከማቻል። ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያ በውኃው ውስጥ አልጌን ያበዛል፤ አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ አየር ያሳጣል፤ በዚህም ዓሣው ይጎዳል።

ይህ ስጋት ብቻ አይደለም፤ በአገራችን የታየ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ለመስኖና ለከተማ መጠጥ ውኃ ያለ ልክ ሲቀዳና ደለል ሲሞላው ቆይቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ነበር። ከዓመታት በኋላ ውኃው በከፊል ቢመለስም፣ በመካከል አጥማጁም፣ ገበሬውም፣ የከተማው ነዋሪም ዋጋ ከፍለዋል።

ከማን ምን ይጠበቃል?

መፍትሔው ገበሬው መስኖ ይተው ማለት አይደለም። በአንከርካ ግራና ቀኝ ያሉ ተጠቃሚዎች ውኃውን በተራ መከፋፈል፣ ቦዩን ከመስረግ መጠበቅና ሰብሉ ከሚፈልገው በላይ አለማጠጣት ይችላሉ። በተዳፋት ላይ እርከን መሥራት፣ እርከኑንም በሳርና በመኖ ተክል ማጠናከር የራስን አፈር ያስቀራል፤ ሐይቁንም ከደለል ይታደጋል። እስከ ውኃው ጠርዝ ከማረስ ይልቅ ዳርቻውን ለሳርና ለሸምበቆ መተው ጎርፉን ያጣራል፤ ለዓሣውም መራቢያ ይሆናል። ውኃ በብዛት የሚጠጣውን ባሕር ዛፍ ከዳርቻው ማራቅም ይመከራል።

አጥማጆችም ወንፊቱ የጠበበ መረብ ባለመጠቀም፣ ዓሣው በሚራባበት ወቅትም እጃቸውን በመሰብሰብ የነገ ገቢያቸውን ይጠብቃሉ። የከተማው ነዋሪ በበኩሉ በእረፍት ቀኑ ይዞት የሄደውን ፕላስቲክ ይዞት ቢመለስ ትልቅ አስተዋጽኦ ነው።

ለተጓዥ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ለጉዞ የሚመቸው ጊዜ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ነው፤ ምድሩ አረንጓዴ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ይሆናል። በክረምት መንገዱ ይጨቀያል፤ ጦሳም በጉም ይሸፈናል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ቁልቁለታማ በመሆኑ በጉም ወቅት ጥንቃቄ ይጠይቃል። ወደ ሐይቆቹ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት የአካባቢውን ሁኔታ ቢጠይቅ፣ በሚያውቀው የአካባቢው ተወላጅ እየተመራ ቢጓዝ ይመረጣል።

የሎጎ ዳርቻ ጥቂት እርምጃ ከተገባ በኋላ ሊጠልቅ ስለሚችል ዋና የማይችል ሰው ወደ ውኃው መግባት የለበትም። ጀልባ ላይ ሲወጡ የሕይወት አድን ጃኬት መልበስ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲበረታም ወደ ዳር መመለስ ይገባል። ቀንድ አውጣ በሚበዛበት የረጋ ውኃ ውስጥ መታጠብም ለብልሃርዝያ ሊያጋልጥ ይችላል።

በ2014 ዓ.ም. በአካባቢው የደረሰው ጦርነት ከጎብኚ በሚገኝ ገቢ የሚተዳደሩ ብዙ ቤተሰቦችን ጎድቷል። ከገራዶ፣ ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ተነስቶ አንድ የእረፍት ቀን በሐይቅ ዳር የሚያሳልፍ ሰው ለጀልባ ቀዛፊው፣ ለአጥማጁና ለምግብ አዘጋጇ እናት የዕለት ገቢ ይዞ ይሄዳል። ይህ ገቢ የሚዘልቀው ግን ሐይቁ ሲኖር ነው። ሐይቁ እንዲኖር ደግሞ ከላይ ያለው ተዳፋት አፈሩን፣ በመካከል ያለው መስኖ ልኩን ሊጠብቅ ይገባል።