«ሰባት ሰዓት ከሰዓት»፦ ትክክለኛው ቀጠሮ በተሳሳተ ሰዓት

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቨርጂኒያ፣ ከእንቅልፌ ስነቃ ስልኬ ላይ ከእናቴ ዘጠኝ ያልተመለሱ ጥሪዎች ነበሩ። የመጀመሪያው የተደወለው እኔ ጋ ገና ሳይነጋ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ልክ ሰባት ሰዓት ከሰዓት።

የዚያን ቀን የቤተሰብ ስብሰባ ነበረን። ሐኪሟ የሐሞት ጠጠሩ በቀዶ ሕክምና ይውጣ ብሏታል፣ እሷ ደግሞ ፈርታለች። እኔ ቨርጂኒያ፣ እህቴ ስቶክሆልም፣ ወንድሜ ዱባይ ነን። ከሁላችንም በላይ የምትሰማው ታላቅ ወንድሟን ስለሆነ አጎታችን ለዚሁ ብለው ከደብረ ብርሃን መጥተውላታል። ስብሰባውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ማለትም በፈረንጅ 7 ፒኤም እንዲሆን አድርጌ ለሁሉም የካላንደር ግብዣ ላክሁ። ለእኔ 11 ኤኤም፣ ለእህቴ 5 ፒኤም፣ ለወንድሜ 8 ፒኤም። አንድም ስህተት አልነበረበትም።

የእናቴ ስልክ ግን ያሳያት «7:00 ከሰዓት» ብሎ ነው።

እሷም እንደ ማንኛውም ሰው አነበበችው። አጎቴን ለሰባት ሰዓት ቀጠረቻቸው፤ ምሳ በልተው፣ ቡና ተፈልቶ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ጠበቁን። እኔ ነቅቼ ስደውል አጎቴ ሳይመሽ ለመግባት ብለው መኪና ተሳፍረዋል። በስልክ ላስገባቸው ብሞክር «ከመኪና ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም» አሉኝ። ማታ ስንሰበሰብ እናቴ ብቻዋን ነበረች፣ ምንም ሳንወስንም ተለያየን። ይቅርታ ስጠይቃት «ልጄ፣ ስልኩ ራሱ ሰባት ሰዓት ከሰዓት አለኝ እኮ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ስልኩን «እንዲቀላት» ብዬ አማርኛ ያደረግሁላት ደግሞ እኔው ነኝ።

ስህተቱ የተፈጠረው የት ላይ ነው?

ዲጂታል ካላንደር አንድን ቀጠሮ ሲያስቀምጥ የሚይዘው አንድ ቅጽበት ነው። ያ ቅጽበት ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሰዓት መለኪያ ይሰላና ስልኩ ባለበት አገር ሰዓት ተቀይሮ ይታያል። የእኔ ግብዣ እስከዚህ ድረስ በትክክል ሠርቷል። የእናቴ ስልክ አዲስ አበባ 19 ሰዓት መሆኑን አውቆታል።

ችግሩ የመጣው ቁጥሩ ወደ አማርኛ ሲገለበጥ ነው። አማርኛ ላይ በተቀመጡ ብዙ ስልኮች ኤኤም «ጥዋት»፣ ፒኤም ደግሞ «ከሰዓት» ተብሎ ይተረጎማል፤ ቁጥሩ ግን ባለበት ይቀራል። ቃሉ የእኛ፣ ቁጥሩ የፈረንጅ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት «7:00 ከሰዓት»፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደግሞ «2:00 ጥዋት» ሆኖ ይወጣል። ሁለቱም ለአማርኛ ተናጋሪ ፍጹም ጤነኛ ሰዓቶች ናቸው፤ ግን ሌላ ሰዓት ናቸው። ስልኩ እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ እናቴ «7 ፒኤም» የሚለውን አይታ «ይሄ የፈረንጅ ነው» ብላ ትጠረጥር፣ ጎረቤትም ትጠይቅ ነበር። አማርኛው ግን እንዳትጠረጥር አደረጋት።

ከዚህ የተማርኩት ቀጠሮ የሚበላሸው ሲቀመጥ ሳይሆን ሲነበብ መሆኑን ነው። ስለዚህ የላካችሁት ግብዣ እናንተ ስልክ ላይ ትክክል መሆኑ አይበቃም፤ ተቀባዩ ስልክ ላይ ምን ተብሎ እንደሚነበብ ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ርዕሱን አስተካክሉ

ቀላሉና አስተማማኙ መፍትሔ ምንም አፕ አይፈልግም። ሰዓቱን በቃል የቀጠሮው ርዕስ ውስጥ ጻፉት፦ «የቤተሰብ ስብሰባ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት በአዲስ አበባ»። ርዕሱን ማንም ሶፍትዌር አይተረጉመውም፤ እንደጻፋችሁት ይደርሳል። «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚሉት ቃላት ብቻቸውን ግማሹን ስህተት ይከላከላሉ።

ሁለተኛው እርምጃ የወላጆቻችሁን ስልክ ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር መቀየር ነው። አይፎን ላይም አንድሮይድ ላይም በቀንና ሰዓት ቅንብር ውስጥ ይገኛል። እናቴ አሁን «19:00» ስታይ ሰባት ብላ አታነበውም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከ7 እስከ 18 ያለውን ቁጥር 6 ቀንሱለት፣ የቀን ሰዓት ይሆናል። ከ19 እስከ 24 ያለውን 18 ቀንሱለት፣ የምሽትና የሌሊት ይሆናል። ከ1 እስከ 6 ያለው ላይ 6 ደምሩ፣ ከሌሊቱ 7 እስከ 12 ሰዓት ይመጣል። እናቴ ይህን በወረቀት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች።

ሌሊቱ የማን ነው?

ሁለተኛው ወጥመድ ቀኑ ነው። ካላንደሩ ቀን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ፣ በእኛ ስድስት ሰዓት ነው። እኛ ግን ቀኑን የምንጀምረው ሲነጋ ነው። «ሰኞ ሌሊት ስምንት ሰዓት እገባለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሰኞ መሽቶ የሚመጣውን ሌሊት ማለቱ ነው፤ ያ ደግሞ በካላንደር ማክሰኞ 2 ኤኤም ነው። ካላንደሩ ላይ ሰኞ 2 ኤኤም ብላችሁ ከሞላችሁ ኤርፖርት የምትደርሱት ሙሉ 24 ሰዓት ቀድማችሁ ነው።

ለዚህ አማርኛ ራሱ መፍትሔ አለው፦ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ»። ሁለቱንም ቀን ስለሚጠራ አያሳስትም። የሌሊት በረራና የሌሊት ስልክ ቀጠሮ ሁሉ በዚህ አነጋገር ቢጻፍ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ሰዓት የሚቀይረው ማን ነው?

ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ቀድማ ትኖራለች፤ ወደፊትም ወደኋላም አታደርግም። ሳዑዲ አረቢያም ያው 3 ናት፣ ኤምሬትስ 4። አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይቀይራሉ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ሌላው ጋ እንዲህ ነው፦

- ዋሽንግተን፦ በክረምት 11 ኤኤም፣ በበጋ 12 ፒኤም (የእነሱ ክረምትና በጋ ነው)
- ለንደን፦ በክረምት 4 ፒኤም፣ በበጋ 5 ፒኤም
- ስቶክሆልም፦ በክረምት 5 ፒኤም፣ በበጋ 6 ፒኤም
- ቴል አቪቭ፦ በክረምት 6 ፒኤም፣ በበጋ 7 ፒኤም
- ሪያድ፦ ሁልጊዜ 7 ፒኤም
- ዱባይ፦ ሁልጊዜ 8 ፒኤም

ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው ሁሉም በአንድ ቀን አለመቀየራቸው ነው። አሜሪካ የምትቀይረው በማርች ሁለተኛ እሁድ ሲሆን አውሮፓ የወሩ መጨረሻ እሁድ ላይ ነው። በ2026 ለምሳሌ አንደኛው ማርች 8፣ ሌላው ማርች 29 ነው፤ በመካከል ያሉት ሦስት ሳምንታት የእኔና የእህቴ ልዩነት ከለመድነው በአንድ ሰዓት ያንሳል።

በየሳምንቱ የሚደጋገም ቀጠሮ ላይ አንድ ነገር ወሳኝ ነው፦ ቀጠሮው የታሰረበት የሰዓት ሰቅ፣ ማለትም የየትኛው አገር ሰዓት እንደሚከተል። እኔ አሜሪካ ሆኜ «በየእሁዱ 11 ኤኤም» ብዬ ብሞላ ካላንደሩ በእኔ አገር ሰዓት ያስረዋል። ማርች ላይ የእኔ ሰዓት ሲቀየር የእናቴ ስብሰባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት ይወርዳል፤ እሷ ግን ሰዓት የሚቀይር አገር ውስጥ አይደለችም፣ ማንም አልነገራትም። ስለዚህ ቀጠሮውን ሰዓት በማይቀይረው አገር እሰሩት። ጉግል ካላንደር ላይ ቀጠሮ ስትፈጥሩ ከሰዓቱ አጠገብ የሰዓት ሰቅ መምረጫ አለ፤ አፕልና አውትሉክም አላቸው። አዲስ አበባን ምረጡ። ዝርዝሩ ላይ ናይሮቢ ብቻ ቢመጣላችሁ አትደንግጡ፤ ዊንዶውስ የምሥራቅ አፍሪካን ሰዓት የሚጠራው በናይሮቢ ስም ነው። ያኔ የሚቀያየረው የእኛ የውጪዎቹ ሰዓት ይሆናል፣ ስልካችንም ራሱ ያስታውሰናል።

«በየወሩ» ማለት በየትኛው ወር?

ማኅበር፣ ዕቁብ ወይም እድር ያለበት ሰው ይህን ያውቀዋል። በየወሩ በ21 የሚጠጣ የማርያም ማኅበር አለ እንበል። በ2019 ዓ.ም. መስከረም 21 ኦክቶበር 1 ላይ ይውላል። ካላንደሩን «በየወሩ በ1 ድገም» ካላችሁት ቀጣዩን ኖቬምበር 1 ያደርገዋል፤ ጥቅምት 21 ግን ኦክቶበር 31 ነው። ልዩነቱ እየሰፋ ሄዶ ነሐሴ 21 ሲደርስ እውነተኛው ቀን ኦገስት 27 ይሆናል፣ ካላንደራችሁ ግን ኦገስት 1ን ወይም ሴፕቴምበር 1ን ያሳያችኋል።

መፍትሔው «በየወሩ» የሚለውን ትቶ «በየ30 ቀኑ፣ 12 ጊዜ» ብሎ መሙላት ነው። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉት ወራት ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ አንድም ቀን አይዛነፍም። ጳጉሜን ስታልፍ ደግሞ ለአዲሱ ዓመት እንደገና ትሞላላችሁ፤ በዓመት አንድ ጊዜ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

በዓመት አንዴ ለሚመጣ ቀን፣ ለልደት ወይም ለሙት ዓመት፣ ሌላ ሕግ አለ። ከየካቲት 22 እስከ ጳጉሜን 5 ያሉት ቀናት በፈረንጆቹ ሁልጊዜ አንድ ቀን ላይ ይውላሉ፤ «በየዓመቱ ድገም» ብትሉ አይሳሳትም። ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያሉት ግን በየአራት ዓመቱ በአንድ ቀን ይዘገያሉ። ጥምቀትን ተመልከቱ፦ በ2025ና በ2026 ጃንዋሪ 19 ዋለ፤ በ2024 ግን ጃንዋሪ 20 ነበር። አባታችሁ ያረፉት ጥር ላይ ከሆነ ይህንን ልዩነት በእጅ ማስተካከል አለባችሁ።

ለሙያ ባልደረቦቼ

አፕ የምትሠሩ ካላችሁ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የእኛን ሰዓት ለማሳየት ብላችሁ የሰዓት ሰቁን በ6 አትቀንሱ። ብዙ ሰው ይህን አቋራጭ ይሞክራል፤ ቁጥሩ ትክክል ይመስላል፣ ዳታቤዙ ውስጥ የገባው ቅጽበት ግን ውሸት ይሆናል፣ ቀኑም በማይገባው ሰዓት ይቀየራል። ቅጽበቱን ከነሰዓት ሰቁ በትክክል አስቀምጡ፤ ስድስቷን ሰዓት ስክሪን ላይ ስታሳዩ ብቻ አዙሩ፣ «ከሰዓት» የሚለውንም ከአዲሱ ቁጥር ጋር አስማሙት።

ሁለተኛ፣ የቀን አቆጣጠሩን ከባዶ አትጻፉ። አይሲዩ የተባለው ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን ካላንደር ከነጳጉሜኑ ይዟል፤ ጃቫስክሪፕትም በኢንትል በኩል ያሳየዋል፣ የአፕል መሣሪያዎችም ለፕሮግራመር አቅርበውታል። ለሚደጋገሙ ቀጠሮዎች እንኳ በ2015 የወጣው አርኤፍሲ 7529 «ይህ ድግግሞሽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ብሎ ለመጻፍ ይፈቅዳል። የቀን መሠረቱ ተጥሏል፤ የሰዓቱ ግን ገና የእኛን ሥራ ይፈልጋል።

የእኛን ቤት በተመለከተ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ተሰበሰብን። የግብዣው ርዕስ «ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በአዲስ አበባ» ይላል፤ አጎቴ ሳይመሽባቸው እንዲመለሱ በእነሱ ቀን ላይ አደረግነው። እኔ ለ6 ኤኤም ነቃሁ። አጎቴ ስልኩን ተቀብለው «እኔ ይዣት እገባለሁ፣ አብሬያት አድራለሁ» ሲሉ እናቴ ዝም ብላ ራሷን ነቀነቀች፣ ቀኑም ተቆረጠ። ያንን ቀን ካላንደሬ ላይ ስሞላ ርዕሱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያም ለእናቴ ደውዬ «እማዬ፣ ስልክሽ ላይ ምን ይላል? እስቲ አንብቢልኝ» አልኳት።