ሐይቅ ከተማ ለምን ሰፋች?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ሐይቅ ከተማን ታገኛላችሁ። ይህ ሁሉ ሰው ከየት መጣ? አንዱ እዚያው ተወለደ። ሌላው ከገጠር ገባ።

ለምን ገባ? ሒሳቡን እንሥራው። አንድ አባት 4 ጥማድ መሬት አለው እንበል። ልጆቹም 4 ናቸው። ለያንዳንዱ 1 ጥማድ ይደርሰዋል። እነሱም አራት አራት ቢወልዱስ? ለልጅ ልጅ ሩብ ጥማድ! ሩብ ጥማድ ቤተሰብ አያበላም። ስለዚህ ወጣቱ ከተማ ገብቶ ሸክም ይሸከማል፣ ሻይ ይሸጣል። የተማሩት ይህን «ፍልሰት» ይሉታል፤ ገበሬው ግን ስሙን ሳይሰማም ያውቀዋል።

በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የአገራችን ሕዝብ 53 ሚሊዮን ነበር። በ1999 ዓ.ም. ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነ። መሬቱ ግን አልጨመረም።

ከተማ ዳር ያለው ገበሬስ? ለሱ ነገሩ ይገለበጣል። እሱ ወደ ከተማ አይሄድም፤ ከተማዋ ራሷ እማሳው ድረስ ትመጣለች።